«እኔ አይደለሁም»፦ ጥፋትን ማመን ለምን እንዲህ ይከብደናል?

ከተወሰኑ አመታት በፊት አንድ መስሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ እሰራ ነበር። አንድ ቀን ቆጠራ ስናደርግ 18 ካርቶን የፎቶኮፒ ወረቀት ጎደለ፣ ካርዱ ላይ ያለው ሌላ መደርደሪያው ላይ ያለው ሌላ። እኔ ወዲያው ያመጣው ሾፌር ነው አልኩ፣ መንገድ ላይ አራግፎ ነው፣ እኔ የተረከብኩትን አውቃለሁ፣ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ነው ያልኩት። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው የልጆች አባት፣ «ልጄ እኔ ያስጫኑኝን ነው ያራገፍኩት» ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ።

ሂሳብ ክፍል ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንድ ጋሼ ነበሩ። ጭቅጭቁን ሰምተው መጡና «ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉኝ። 18 አልኳቸው። «ለ9 ይካፈላል አይደል? በል ሰው ከመጠርጠርህ በፊት የተገለበጠ ቁጥር ፈልግ» አሉ። ሂሳብ የሰራ ሰው ያውቃታል ይቺን፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል። ፋይሉን አወጣሁ። የላኪው ሰነድ 46 ይላል። ሞዴል 19 (እቃ ስንረከብ የምንሞላው ደረሰኝ) ላይ 64 ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ፊርማውም የኔ።

ልነግራችሁ የፈለኩት ግን ከዛ በኋላ ያለችውን አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ወረቀቱን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሀሳብ «ሰውየውን በደልኳቸው» አይደለም። «እሳቸውስ ሲፈርሙ ለምን አላዩትም?» ነው። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ለራሴ ጠበቃ ሆኛለሁ። አስቤበት አይደለም፣ ሰበቡ ቀድሞ ደርሶ የጠበቀኝ ነው የሚመስለው። ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሰራ ማንበብ የጀመርኩት፣ ያነበብኩትንና የገባኝን በተቻለኝ መጠን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

አንድ ሰው ጥፋቱን አላምንም ሲል ሽምጥጥ አርጎ ካደ እንላለን፣ አይኔን ግንባር ያርገው አለ እንላለን። አንዳንዴ እውነትም አውቆ ክህደት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዛ አይደለም፣ ሰውየው ላንተ ከመናገሩ በፊት ታሪኩን ለራሱ አስተካክሎ ጨርሷል፣ ስለዚህ ሲነግርህ አይኑ አይሸሽም ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ ምክንያቱም የሚያወራው ያመነውን ነው። ለዛ ነው ማስረጃ ስታመጣበት የሚናደደው፣ እሱ በሱ ቤት እየተዋሸበት ያለው እሱ ነው።

ይሄን ነገር በደንብ ያጠናው ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1957 (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባሳተመው ስራ ላይ ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ ብሎ ጠራው፣ በቀላል አማርኛ ሁለት የማይስማሙ ሀሳቦች አንድ ጭንቅላት ውስጥ ሲገቡ የሚፈጠር ጭንቀት ማለት ነው። «እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ» የሚል ሀሳብ አለ፣ «46ን 64 ብዬ ጽፌ ሰው ሌባ አልኩ» የሚል ደግሞ አለ። ሁለቱ አብረው ማደር አይችሉም። ጭንቅላት እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ነው የሚሰማው፣ አንዱን ማውጣት አለበት፣ የቱን ያወጣል? ቀላሉን። የራስን ስእል ከማፍረስ ታሪኩን ማስተካከል ይቀላል።

በ1959 ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ቴስት አለ። ተማሪዎቹን አንድ ሰአት ሙሉ እጅግ አሰልቺ ስራ ያሰሯቸዋል፣ የክር ማጠንጠኛ እንጨቶች ትሪ ላይ መደርደር፣ መልሶ ማራገፍ፣ እንደገና መደርደር፣ ከዛ ሰሌዳ ላይ የተሰኩ ችንካሮችን አንድ በአንድ ሩብ ዙር ማዞር። ሲጨርሱ ውጪ ለሚጠብቀው ሰው «በጣም ደስ የሚል ስራ ነው» ብላችሁ ንገሩ ተባሉ፣ ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር ለሌሎቹ 20 ዶላር ተከፈላቸው። በኋላ ለራሳችሁ እውነቱን ስራው እንዴት ነበር ሲባሉ፣ 20 ዶላር የወሰዱት አሰልቺ ነው አሉ፣ 1 ዶላር የወሰዱት ግን እውነትም ደስ ይል ነበር ወደሚለው አደሉ። ሃያ ዶላር ያገኘው ሰው ለውሸቱ ምክንያት አለው፣ ለብር ነው የዋሸሁት ብሎ ተኝቶ ያድራል። አንድ ዶላር ያገኘው ምን ይበል? በአንድ ዶላር የሚዋሽ ሰው ነኝ ከማለት ስራው ጥሩ ነበር ማለት ቀለለው። ማንም አልገፋውም፣ በራሱ ነው የተቀየረው።

ከዚህ ተነስቶ አንድ ነገር ማየት ይቻላል፣ እኔ ለረጅም ጊዜ ተገልብጦ ነበር የሚገባኝ። ጥፋት ማመን የሚከብደው መጥፎ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ስለራሱ ደህና ግምት የሌለው ሰውማ ምን ይጋጭበታል? በጣም የሚቸገረው ስራውን የሚወድ፣ በጥንቃቄው የሚኮራ፣ ልጆቼን በስርአት ነው ያሳደኩት የሚል ሰው ነው። ኩራቱ በተነካበት ቦታ ላይ ነው ድርቅ የሚለው። አንድ ጥሩ ሀኪም መኪና ማቆሚያ ላይ አጥር ቢገጭ ቶሎ ይቅርታ ይላል፣ መድሃኒት ላይ ተሳስተሃል ብትለው ግን ሌላ ሰው ይሆንብሃል።

ሀኪም ካልኩ አይቀር የዚህ ሁሉ ነገር ትልቁ ምሳሌ ሀኪሞች ጋር የተፈጠረ ነው። የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ በ1840ዎቹ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፣ በአንደኛው ዶክተሮችና የህክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ናቸው የሚሰሩት። በ1846 በዶክተሮቹ ክፍል ከወለዱት እናቶች 11.4 በመቶው ሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል 2.8 በመቶ። እናቶቹ ያውቁ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ተራ በተራ ነበር የሚቀበሉት፣ የዶክተሮቹ ተረኛ ቀን ላይ የደረሰች እናት እግር ላይ ወድቃ እባካችሁ እዛ አታስገቡኝ ትል ነበር፣ መንገድ ላይ መውለድ የመረጡም ነበሩ። ዶክተሮቹ ደግሞ አየሩ ነው፣ መጨናነቁ ነው፣ ፍርሃታቸው ነው የገደላቸው ይላሉ፣ ጎረቤት ያለው ክፍል ያንኑ አየር እየተነፈሰ።

ኢግናዝ ሴመልዌይስ የሚባል ሀንጋሪያዊ ወጣት ሀኪም እዛ ይሰራ ነበር። በ1847 መጋቢት ላይ ያኮብ ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ የአስከሬን ምርመራ ሲያስተምር አንድ ተማሪ በቢላ እጁን ወጋው፣ ታመመ፣ ሞተ። የሱ አስከሬን ሲመረመር ውስጡ የታየው ነገር በአራስ ትኩሳት የሞቱት እናቶች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ሆነ። ሴመልዌይስ ነገሩ ተገለጠለት፣ ዶክተሮቹ ጠዋት አስከሬን ይመረምራሉ ከዛ በዛው እጅ ሄደው ያዋልዳሉ፣ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ሀሳብ ያኔ ገና ተቀባይነት አልነበረውም። ግንቦት ላይ ሁሉም ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውህድ (ከኛ በረኪና ጋር የሚዛመድ ነው) እንዲታጠብ አደረገ። ሚያዝያ ላይ 18.3 በመቶ የነበረው ሞት ሰኔ ላይ 2.2፣ ሀምሌ ላይ 1.2 በመቶ ወረደ።

ይሄን ያየ ሰው ሁሉ ዘሎ ይቀበላል ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ትላልቆቹ ፕሮፌሰሮች ግን አልተቀበሉም። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፣ ማብራሪያው ያኔ ከሚያውቁት ሳይንስ ጋር አይሄድም ነበር፣ ሴመልዌይስም ስራውን በመጽሐፍ ያወጣው ገና በ1861 ነው። ግን እስቲ ራሳችሁን እዛ አስቀምጡት። ሃያ አመት አዋልደሃል። ሰው ዶክተር ብሎ ቆቡን አንስቶ ይሰግድልሃል። ዛሬ «እሺ እታጠባለሁ» ካልክ እኮ እጅ መታጠብ ብቻ አይደለም፣ በነዛ ሃያ አመታት የሞቱትን እናቶች አንድ በአንድ የገደልኳቸው በዚህ እጄ ነው ማለትህ ነው። ማን ይሸከመዋል ይሄን? ሴመልዌይስ ራሱ በሱ ምክንያት ያለጊዜያቸው መቃብር የወረዱትን ቁጥር እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል ብሎ ጽፏል፣ ብዙ አስከሬን የመረመረ ሰው ነውና። ኪል ከተማ ጉስታቭ ሚካኤሊስ የሚባል ሌላ የማህፀን ሀኪም ደግሞ ወዲያው አመነ፣ እጅ መታጠቡን አስጀመረ፣ ሞቱ ሲቀንስ አየ። ግን ከዛ በፊት ራሱ ያዋለዳት የቅርብ ዘመዱ በዚሁ ትኩሳት ሞታ ነበር፣ ጸጸቱን አልቻለውም፣ በ1848 የራሱን ህይወት አጠፋ። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ለነዛ ለካዱት ሀኪሞችም ያዘንኩት። ጭንቅላታቸው ከምን እየሸሸ እንደነበር ገባኝ።

ሴመልዌይስ በበኩሉ ተናደደ፣ በኋላ ላይ ለተቃወሙት ፕሮፌሰሮች በአደባባይ በሚታተም ደብዳቤ ነፍሰ ገዳይ ናችሁ እያለ ጻፈ። እውነቱ ከሱ ጋር ነበር። ግን ነፍሰ ገዳይ ነህ የተባለ ሰው እጁን አይታጠብም፣ የማመኑን ዋጋ ጨመረበት እንጂ አልቀነሰለትም። ሴመልዌይስ በ1865 በ47 አመቱ የአእምሮ ህሙማን ማቆያ ውስጥ ቁስል አመርቅዞበት ሞተ።

ዋጋ ያልኩት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋር ነው። ሰው ጥፋቱን ያምን አያምን የሚወስነው ጨዋነቱ ብቻ አይደለም፣ ማመኑ ስንት ያስከፍለዋል የሚለው ነው። ከልጅነት ነው የምንማረው። ብርጭቆ ይሰበራል፣ እናት ወይ አባት ቀበቶ ይዘው «እውነቱን ተናገር አልመታህም» ይላሉ፣ ልጁ ይናገራል፣ ይመታል። በሚቀጥለው ድመቷ ናት የሰበረችው። ያ ልጅ ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ ሂሳብ ሰርቶ ነው። ትልቅ ሲሆን መስሪያ ቤት ገብቶ ያንኑ ሂሳብ ይሰራል። በደርግም በኢህአዴግም ጊዜ የሰራ ሰው «ሂስና ግለ ሂስ» ግምገማ ምናምን የሚባለውን ያውቀዋል፣ ሀሳቡ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፣ ሰው ራሱ ድክመቱን ይናገር ነው። ግን እዛ ስብሰባ ላይ ከልቡ የተናገረ ሰው የተናገረው ነገር በኋላ ፋይሉ ላይ ሲመጣበት ያየ ሁሉ ምን ተማረ? የማትጎዳ ጥፋት መርጦ ማመን። «የግንዛቤ እጥረት ነበረብኝ»፣ «የጊዜ አጠቃቀም ክፍተት አለብኝ»። እነዚህ ቃላት ያለ ምክንያት አልመጡም፣ ጥፋት የሚመስሉ ግን ማንም ያልሰራቸው ጥፋቶች ናቸው።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ ያግዘናል። ብርጭቆውን ሰበርኩት አንልም፣ ብርጭቆው ተሰበረብኝ ነው የምንለው። ስልኩን ጣልኩት ሳይሆን ወደቀብኝ። ሰአቱን አላከበርኩም ሳይሆን ሰአቱ ሄደብኝ። እዩዋት ይቺን «ብኝ»፣ አጥፊውን ተጎጂ አርጋ ነው የምታስቀምጠው። ቋንቋው ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሰው ሳያስብ ሲሰብርም እውነትም የሆነበት ነገር ነው፣ እኔም በቀን መቶ ጊዜ እላታለሁ። ግን ቀስ እያለ ከብርጭቆ ወደ ሰው ትሄዳለች። «ተቀየመችብኝ» እንላለን፣ ማን አስቀየማት? ይቅርታችንም እንደዛ ነው፣ «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ»። ከሆነ? እኔም ሾፌሩን ይቅርታ ልል ስዘጋጅ በልቤ የደረደርኩት የመጀመሪያ አረፍተ ነገር «ቁጥሩ ተገልብጦ ነው እኮ ጋሼ» ነበር። ቁጥሩ ራሱ ተነስቶ የተገለበጠ ይመስል።

አሁን ደግሞ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ምን እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ አቪዬሽን ላይ ነው ያለው። ታህሳስ 1 ቀን 1974 ቲደብሊውኤ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ 514 ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ደለስ ኤርፖርት ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጨ፣ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያ የተሰጣቸውን ፈቃድ ወዲያው ዝቅ በል ማለት ነው ብለው ተረድተውት ነው። ምርመራ ሲደረግ የወጣው ነገር ግን ያሳዝናል፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ የዩናይትድ አብራሪዎች እዛው ቦታ ላይ ያንኑ ስህተት ሰርተው ለጥቂት ነው የተረፉት። ለድርጅታቸው ሪፖርት አድርገዋል፣ ድርጅቱም ለራሱ አብራሪዎች ነገረ። ከዛ ቤት ግን አልወጣም። ቲደብሊውኤ አልሰማም።

ከዛ በኋላ በ1976 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሲስተም ተቋቋመ፣ አብራሪም ሆነ የበረራ ተቆጣጣሪ ወይ ቴክኒሻን የሰራውን ስህተት ራሱ ጽፎ የሚልክበት። የሚቀበለው ደግሞ የሚቀጣው የአቪዬሽን ባለስልጣን አይደለም፣ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ነው፣ ይሄ ነው ብልሃቱ። ናሳ የላኪውን ስም ከሪፖርቱ ላይ ያጠፋዋል። ሆን ተብሎ ያልተደረገ ጥፋት ከሆነና ሰውየው በ10 ቀን ውስጥ ከላከ ባለስልጣኑ በኋላ ቢደርስበት እንኳን ቅጣቱን ይተውለታል፣ ወንጀልና የደረሰ አደጋ ሲሆን ግን አይሰራም። እስካሁን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል። ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ሰው ተቀምጦ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ጽፏል ወይ ያየውን ስህተት ተናግሯል። አብራሪዎች ከኛ የተሻሉ ቅዱሳን ሆነው ነው? አይደለም፣ መናገሩ ከመደበቁ ስለረከሰላቸው ነው።

ህክምና ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲፈጠር ራሳቸው ለታካሚው መናገር፣ ይቅርታ መጠየቅና ካሳ ማቅረብ ጀመሩ። በክስ ያልቃሉ ያለ ሰው ብዙ ነበር። ክሱ ቀነሰ። ሰው ወደ ጠበቃ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ስለተጎዳ ብቻ አይደለም፣ ምን እንደሆነ የሚነግረው አጥቶ ነው።

እኛ ጋር ዋጋውን የሚቀንስ ነገር የለም ማለት አይደለም። ንስሐ አለ፣ ሰው ለንስሐ አባቱ የሚናገረው ነገር ከዛ አይወጣም፣ አስቡት ከናሳ ስንት ዘመን በፊት። ሽምግልና አለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በድያለሁ ብሎ የሚቀርብ ሰው ከዛ በኋላ አይዋረድም፣ ድንጋዩን አውርድ ይባላል፣ ይነሳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ሽማግሌዎቻችን ነገር ቶሎ እንዲበርድ ሲሉ «በቃ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል ተሳሳሙ» የሚሏት ነገር። ሰላም ይወርዳል እውነት ነው። ግን ያጠፋው ሰው ግማሹን ጥፋት ለተበደለው አሸክሞት ነው የሚሄደው፣ በልቡም እኔ ብቻ አይደለሁም ብሎ ይመዘግበዋል፣ የተበደለውም ያልሰራውን ይቅርታ ሲጠይቅ ውስጡ የሆነ ነገር ይቀራል። የወንድማማች ጸብ ስንቴ ታርቆ ስንቴ የሚያገረሽው ለዚህ ይመስለኛል።

በተግባር ለራሴ የረዳኝ ነገር ቀላል ናት። ስህተቱ ሲታየኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝን ሰበብ አላምነውም፣ ይመጣል እሱ፣ አላስቀረውም፣ ግን ቀድሞ ስለመጣ እውነት ነው ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዛ አረፍተ ነገሩን «እኔ» ብዬ እጀምረዋለሁ፣ «ከሆነ» የምትለዋን አወጣታለሁ፣ ሰበቡን የግድ መናገር ካለብኝም ሌላ ቀን። ሌላው ደግሞ ቶሎ መናገር ነው፣ ምክንያቱም በዘገየ ቁጥር ሁለተኛ ጥፋት ይጨመራል፣ አሁን «ተሳስቻለሁ» ብቻ ሳይሆን «እያወኩ ዝም ብያለሁ»ም ሊባል ነው፣ ያቺ ሁለተኛዋ ናት ሰውን ለአመታት አፉን የምታስይዘው። እና የሚሰማው ሰው ከሆንክ ደግሞ፣ ሰው ደፍሮ ሲነግርህ «እኔ እኮ ድሮም ብዬ ነበር» አትበለው በናትህ።

እኔ ግን ያኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን አግኝቼ ሶስት ቀን ቆየሁ። አንደኛው ቀን ጋሼ የሂሳብ ክፍሉ ጠይቀውኝ «እያየሁት ነው» አልኳቸው። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ሾፌሮቹ ሻይ የሚጠጡበት ዛፍ ስር ሄድኩ፣ ሌባ ሲባሉ ከሰሙት ሰዎች ውስጥ አራት አምስቱ እዛው ተቀምጠዋል። ሞዴሉን ይዤዋለሁ። «ጋሼ እኔ ነኝ 46ን 64 ብዬ የጻፍኩት፣ እርሶ ምንም አላጎደሉም፣ በሰው ፊት ስሞትን አጥፍቻለሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ቁጥሩን ረጅም ሰአት አዩት። አልተቆጡም። «መቼ አገኘኸው?» አሉኝ። ሰኞ አልኳቸው። ቀኑ ሮብ ነበር። «እኔ ሰኞም ማክሰኞም ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ገና እየተጣራ ነው አልኳት» አሉና ስልካቸውን አውጥተው እዛው ፊቴ ቤታቸው ደወሉ።